ያልጠረጠረ ተመነጠረ
ከጅቡቲ ወደብ እስከ ቤታችን ደጃፍ ስለሚደርሰው መኪና

በጅቡቲ ከተማ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በዶራሌ ሁለገብ ወደብ ላይ፣ ሆደ ሰፊው የመኪና መርከብ መዝጊያውን ወደ ምድር ዘርግቶ የጫናቸውን አንድ በአንድ ሲያወጣ የተመለከተ ሰው፣ ትዕይንቱ ልብን የሚያማልል መሆኑን አይክድም። የወንበራቸው ፕላስቲክ ገና ያልተገፈፈ፣ ቀለማቸው በባሕሩ ፀሐይ የሚያንጸባርቅ መኪናዎች በተርታ ይሰለፋሉ። ከዚያም በዲኪል በኩል ወደ ገላፊ፣ ከገላፊ ወደ ሚሌና ወደ አዋሽ የሚወስደውን የሐሩር መንገድ ተከትለው ወደ መሐል አገር ይጓዛሉ። አገራችን ከውጭ የምታስገባው ዕቃ እጅግ የሚበዛው ክፍል በዚሁ ወደብ የሚያልፍ ስለሆነ፣ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር ጎዳና የምናያቸው መኪናዎች አብዛኞቹ የጅቡቲን ጨው የቀመሱ ናቸው።

የዛሬው የዓምዳችን ርእስ ይህ መኪና ነው። ዓላማችን መኪና ያለውን ለመንቀፍ፣ የሌለውንም ለማጽናናት አይደለም። መኪና ጠቃሚ መሣሪያ መሆኑን ማንም ወታደር ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ነገር ግን መሣሪያን ከመታጠቅ በፊት መመርመር የሙያችን ሕግ ከሆነ፣ የአንድን ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ በአንድ ጀንበር የሚውጠውን ዕቃ ሳይመረምሩ መግዛት እንደምን ይፈቀዳል? አባቶቻችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉት እንዲህ ላለው ጉዳይ ይመስለናል።

የመጀመሪያው መኪናም የመጣው በጅቡቲ ነበር

በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለች መኪና በጅቡቲ ወደብ አውርዶ፣ መንገድ ባልተጠረገበት ምድር ወራትን ከፈጀ ጉዞ በኋላ አዲስ አበባ ገባ። ዳግማዊ ምኒልክም መኪናይቱን ተቀብለው ተሳፈሩባት። በዚያን ጊዜ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እንኳ ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለወግ ያህል ብቻ አይደለም። መኪና ወደ አገራችን ሲገባ አስቀድሞ የመጣው ክብሩ ነው፤ መንገዱ፣ ጋራዡ፣ መለዋወጫውና ነዳጁ የመጡት ዘግይተው ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ይህ ቅደም ተከተል ከብዙዎቻችን አእምሮ አልወጣም። አስቀድመን የምናስበው በሰፈሩ ፊት ስንነዳ ስለሚታየን ክብር ነው። ባትሪው ሲሞት ማን እንደሚያክመው፣ ጎማው ሲያልቅ ከየት እንደሚገዛ የምናስበው በኋላ ነው።

«ዋጋው አይወርድም» ስለሚባለው ነገር

አንዲት የሠራዊቱ አባል ባለቤት ለዝግጅት ክፍላችን በላኩት ደብዳቤ የሚከተለውን ጠይቀውናል። ባለቤታቸው ከሰላም ማስከበር ግዳጅ ሲመለሱ ያጠራቀሙት ገንዘብ አለ። አንድ ደላላ «ጅቡቲ ድረስ ወርዳችሁ ብትገዙ በርካሽ ታገኛላችሁ፤ መኪና ደግሞ እንደ ወርቅ ነው፤ ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም» ብሏቸዋል። እርሳቸው ግን ገንዘቡ ለቤት መሥሪያ እንዲውል ይሻሉ። «በቤታችን ሰላም እንዲሆን እውነቱን ንገሩን» ይላሉ።

የደላላው ቃል ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ የሚያታልለውም ስለዚሁ ነው። በሌላው ዓለም አዲስ መኪና ከሻጩ ደጃፍ በወጣበት ቀን ዋጋው መቀነስ ይጀምራል። በአገራችን ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለች ኮሮላ ከተገዛችበት በብዙ እጥፍ ስትሸጥ አይተናል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው መኪናዋ ስለወለደች ወይም ስለለመለመች አይደለም። የመኪናው ቁጥር ከፈላጊው ያነሰ ስለሆነ፣ ቀረጡ ከባድ ስለሆነ፣ የብራችንም የመግዛት ኃይል ስለሚቀንስ ነው። ሦስቱም ከመኪናው ውጭ ያሉ ምክንያቶች ናቸው፤ ሦስቱም በአንድ ደብዳቤ ወይም በአንድ አዋጅ ሊለወጡ ይችላሉ።

ምሳሌ እንጥቀስ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186፣ ጉልበቱ ከ1300 ሲሲ በማይበልጥ አዲስ መኪና ላይ የጣለው 5 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉት ላይ ግን እንደ ጉልበታቸው እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ያገለገለ መኪና ለማስመጣት አስቀድሞ ገንዘብ የከፈለ ሰው በዚያ ሳምንት ሒሳቡ ተገለበጠ፤ አገር ውስጥ አሮጌ መኪና የነበረው ግን ሳይሠራ አተረፈ። እ.ኤ.አ. በ2022 የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ እንዲሆኑ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው የሚገቡትም 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍሉ ተወሰነ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተገለጠ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ አሠራር ተለውጦ፣ 57 ብር ግድም የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

እንግዲህ በአምስት ዓመት ውስጥ የጨዋታው ሕግ አራት ጊዜ ተለውጧል። በእያንዳንዱ ለውጥ አንዱ ሲያተርፍ ሌላው ከስሯል፤ ያተረፈውም የከሰረውም በብልኅነቱ ወይም በስንፍናው አልነበረም። «መኪና እንደ ወርቅ ነው» የሚለን ሰው ከወርቅ ጋር ሳይሆን ከዕጣ ጋር ያወዳድረው። ወርቅ ቢያንስ ጎማ አይለወጥለትም፤ ቦሎም አይለጠፍበትም።

ጅቡቲ ወርዶ ስለመግዛትም አንድ ቃል እንጨምር። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከዶላር ጋር በአንድ ልክ ታስሮ ይኖራል፤ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። እኛ የምናገኘው ደመወዝ ግን በብር ነው። ስለዚህ በጅቡቲ የነፃ ቀጣና ግቢ ውስጥ በመስተዋቱ ላይ ተጽፎ የምናየው ዋጋ የመኪናው ዋጋ ጅማሬ ነው እንጂ ፍጻሜው አይደለም። የወደቡ ኪራይ፣ የማጓጓዣው፣ የጉምሩክ ቀረጡና ታክሱ፣ የአስተላላፊው ድካም ዋጋ ገና ከፊታችን አሉ። ሳይጠየቅ የሚቀረው ዋነኛው ጥያቄ «ስንት ይሸጣል?» የሚለው ሳይሆን «ሰሌዳ ተለጥፎለት ደጃፌ እስኪቆም ስንት ይፈጃል?» የሚለው ነው።

የቆመ መኪና ይበላል

ሒሳቡን በወረቀት ላይ እናስቀምጠው። ለስሌት ያህል አንድ ቤተሰብ ሁለት ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና ሊገዛ ቢያስብ፣ ግማሹን ከቁጠባው አውጥቶ የቀረውን አንድ ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ለአምስት ዓመት ቢበደር፣ በየወሩ የሚከፍለው 25 ሺህ 400 ብር ያህል ነው። በአምስቱ ዓመት መጨረሻ የከፈለው አንድ ሚሊዮን 523 ሺህ ብር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከግማሽ ሚሊዮን ብር በላይ የሄደው ለወለድ ብቻ ነው። ኢንሹራንሱ፣ ዓመታዊ ምርመራው፣ ጎማው፣ የፍሬን ሸራውና ጋራዡ ገና አልተቈጠሩም።

አሁን ደግሞ የወታደርን ኑሮ እናስታውስ። ሌላው ሰው መኪናውን ጠዋትና ማታ ይነዳዋል። ወታደር ግን ለግዳጅ ሲጠራ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ከቤቱ ይርቃል። ባለቤቱ መንጃ ፈቃድ ከሌላት መኪናው በግቢ ውስጥ ይቆማል። የቆመ መኪና ያረፈ ይመስላል እንጂ አያርፍም፤ ባትሪው ይሞታል፣ ጎማው በአንድ ጐኑ ይጠፈጠፋል፣ ጎሚኒው ይደርቃል፣ አይጥ ሽቦውን ይበላል። ቦሎውና ኢንሹራንሱም ባለቤቱ ግንባር ላይ ነው ብለው አይጠብቁትም።

«ለሹፌር ሰጥተን የቀን ገቢ እናስገባበት» የሚሉም አሉ። መልካም ሐሳብ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሹፌሩ የሚያስገባው ገንዘብ በየዕለቱ ሲታይ፣ መኪናው በየዕለቱ የሚያልቀው ግን አይታይም። ከዕለት ገቢው ላይ ለጎማና ለጥገና የሚሆነውን ለይቶ የማያስቀምጥ ቤተሰብ መኪናውን በቁራሽ በቁራሽ እየሸጠ መሆኑን ይወቅ። የደብዳቤው ጸሐፊ ወይዘሮም ስለ ቤት መሥሪያው ያሰቡት እኛ እንደምናየው ትክክል ነው፤ ቤት ቆሞም ያስጠልላል።

ፋብሪካው ለማን ያስባል?

በመኪና ፋብሪካዎች ታሪክ ውስጥ ገዢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1908 ያወጣት ሞዴል ቲ መኪና መጀመሪያ 850 ዶላር ትሸጥ ነበር፤ በ1925 ዋጋዋ ወደ 260 ዶላር ወርዷል። ፎርድ አንድን መኪና ሳይለውጥ በብዛት በመሥራት አረከሰው። ተፎካካሪው ጄኔራል ሞተርስ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ። እ.ኤ.አ. በ1919 በብድር የሚሸጥበትን የራሱን የገንዘብ ድርጅት አቋቋመ፤ በአልፍሬድ ስሎን መሪነትም መልኩንና ቀለሙን በየዓመቱ እየለወጠ ማቅረብን ልማድ አደረገ። ዓላማው ግልጽ ነበር፦ መኪናው ሳያረጅ ባለቤቱ እንዳረጀበት እንዲሰማው ማድረግ። ዛሬ ከቻይናም ሆነ ከጃፓን የሚመጣው አዲስ ሞዴል ሁሉ የዚህ ትምህርት ደቀ መዝሙር ነው።

ስለ ደኅንነትም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ራልፍ ናደር የተባለ አሜሪካዊ የሕግ ባለሙያ የመኪና ሠሪዎች ለሰው ሕይወት ስለሚያሳዩት ቸልተኝነት መጽሐፍ አሳተመ። ጄኔራል ሞተርስ የመለሰለት መልስ ገመናውን የሚያስስ ሰላይ መቅጠር ነበር። ነገሩ ሲጋለጥ የኩባንያው ፕሬዚዳንት እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርበው ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደዱ፤ የመኪና ደኅንነት ሕግም በዚያው ዓመት ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ቮልስዋገን በምርመራ ጊዜ ብቻ ጭሱን የሚቀንስ የማታለያ ዘዴ 11 ሚሊዮን በሚያህሉ የናፍጣ መኪናዎች ውስጥ ማስገባቱ ተጋለጠ። በ2022 ቶዮታ ለሽያጭ ያቀረበውን አዲሱን የኤሌክትሪክ መኪናውን ቢዚ4ኤክስን፣ የጎማው ብሎን እየላላ ጎማው ሊወልቅ ይችላል በማለት ወዲያውኑ መልሶ ጠራ። ቁጥራቸውም ወደ 2,700 ነበር። ዛሬ ይህ ዓይነት መኪና በአዲስ አበባ ጎዳና በብዛት ይታያል።

እዚህ ላይ ሚዛን እንጠብቅ። ቶዮታ ጉድለቱን አውቆ መጥራቱ ያስመሰግነዋል። ቮልቮም እ.ኤ.አ. በ1959 ኒልስ ቦህሊን የፈለሰፈውን ባለ ሦስት ነጥብ የደኅንነት ቀበቶ ሌሎች ፋብሪካዎች እንዲጠቀሙበት ፈቅዷል። ሆኖም «ትልቅ ስም ያለው ነውና አይሳሳትም» የሚለው እምነት መሠረት የለውም። መኪና ሲጠራ የሚጠራውም በሕጋዊ ወኪል የተገዛ እንደሆነ ነው፤ በሦስተኛ እጅ በጅቡቲ በኩል የመጣውን ማን ያስታውሰዋል?

ስለ ኤሌክትሪኩ መኪና

የኤሌክትሪክ መኪናን የሚወድሱ ሰዎች ብዙ እውነት አላቸው። አገራችን ነዳጅ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች፤ ኤሌክትሪክ ግን ከወንዞቿ ታመነጫለች። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ጅቡቲ ራሷ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ከእኛ ትገዛለች። ስለዚህ ኃይሉ ከደጋ ወደ ባሕር ሲወርድ፣ በኃይሉ የሚሄደው መኪና ከባሕር ወደ ደጋ ይወጣል። ለየዕለቱ ጉዞ የሚወጣው ወጪም ከነዳጁ እጅግ ያነሰ ነው፤ የሞተር ዘይትም አይለወጥለትም።

ጥርጣሬያችን በሌላ ነው። አንደኛ፣ ባትሪው የመኪናው ልብ ነው፤ ዋጋውም የመኪናውን ዋጋ ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ሙቀት ባትሪን ያስረጃል። በጅቡቲ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ መኪናው በዚያ ሐሩር ለስንት ወር እንደቆመ የሚነግረን ሻጭ ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ አንዳንዶቹ ለሌላ አገር የተሠሩ ናቸው። ለምሳሌ የቮልስዋገን አይዲ 6 የተሠራው ለቻይና ገበያ ነው፤ ሆኖም በአገራችን ጎዳና ይታያል። የሚናገረው ቻይንኛ፣ ዋስትናውም በቻይና የቀረ ነው። ሦስተኛውና ለእኛ ዋነኛው፣ መኪናው የሚሞላበት ቦታ ነው። በአዲስ አበባ ግቢ ያለው ሰው ሌሊት ይሞላል። መብራት በሚቆራረጥበት የጦር ሠፈር የሚኖር ቤተሰብ ግን መኪናውን ከመግዛቱ በፊት ሶኬቱን ይመልከት።

የመጨረሻው ፍተሻ

ይህ ሁሉ ተመዝኖ፣ ባልና ሚስት ተመካክረው፣ አሁንም መኪና ያስፈልገናል ካሉ፣ ቢያንስ የሚከተለውን ያድርጉ።

ሻጩ ያመጣውን መካኒክ አይመኑ፤ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ወይም ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። የሄደበትን ኪሎሜትር ከሚያሳየው ቁጥር ይልቅ የፍሬን መርገጫው ጎሚኒ፣ የመሪው መያዣና የሹፌሩ ወንበር ያላቸውን ብልት እመኑ፤ ቁጥሩ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የረገፈ ጎሚኒ ግን አይመለስም። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ በላሜራው ላይ አሳልፉ፤ የማይስብበት ቦታ ካለ ከቀለሙ በታች ስቱኮ ሊኖር ይችላል።

ያገለገለ መኪና ከሆነ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። በሚያዝያ ወር 2016 ዓ.ም. በዱባይ የወረደው ያልተለመደ ዝናብ እጅግ ብዙ መኪናዎችን አስጥሟል። በጎርፍ የዋለ መኪና ታጥቦ ያምራል፤ የሚያጋልጠው ሽታውና ዝገቱ ነው። የወለሉን ምንጣፍ ገልጣችሁ ደለል ፈልጉ። የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስባችሁ የውሃ ምልክት ተመልከቱ። የወንበሩን ብሎን እዩ። «ቪትዝ» የሚል ስም ካለው ይህ በጃፓን ይሸጥበት የነበረው ስሙ ነውና መሪው በቀኝ የነበረ ነው፤ ወደ ግራ ሲዛወር በደንብ መሠራቱን መካኒኩ ያረጋግጥ። ኤሌክትሪክ ከሆነ የባትሪው ጤንነት በመሣሪያ ተለክቶ በወረቀት ይሰጣችሁ።

ከሁሉ በላይ መኪናውን ሳታዩ ሙሉ ገንዘብ አትክፈሉ። አባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ በሚሉ በወንዞቻችን ስም የተሰየሙ መኪናዎችን በአገር ውስጥ ይገጣጥም የነበረው ሆላንድ ካር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2013 ለኪሳራ ተዳርጓል። ፋብሪካና ሕንፃ የነበረው ድርጅት እንዲህ ከሆነ፣ በስልክ ብቻ የምናውቀው አስመጪ ምን ዋስትና አለው? ውሉ ይጻፍ፣ ምስክር ይኑረው፣ መኪናው ካልደረሰ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ ይገለጽበት።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናሳስብ። በብዙ ቤት መኪናን የሚመርጠው ባል ነው፤ የወለዱን ወር በወር የምታጣጥመው ግን የወር አስቤዛ የምትይዘው ሚስት ናት። ስለዚህ የመጨረሻው ፊርማ ከመስፈሩ በፊት ወረቀቱ በሁለቱም ዓይን ይነበብ። «ካለ ምክር የተሠራ ቤት ያለ ጣራ ይቀራል» እንላለን፤ ያለ ምክር የተገዛ መኪናም ያለ ነዳጅ መቆሙ አይቀርም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። መርከቡ በሚቀጥለው ሳምንትም ወደ ጅቡቲ ይመጣል፤ መኪናውም በሚቀጥለው ዓመት ይሠራል። የጠፋ ቁጠባ ግን በመርከብ አይመጣም።